ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት ከድልድዩ ሥር ውረዱ

ባለፈው እሁድ አራት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ሁለቱ ሠዓሊዎች ናቸው። አንዷ ቴያትር ትሠራለች። አራተኛው «እኔ አስተባባሪ ነኝ ጋሼ» አለኝ። አሁን አሁን አስተባባሪ የሌለው ነገር አይጀመርም መሰለኝ።

ቡናው እስኪፈላ ሐሳባቸውን ነገሩኝ። ክረምቱ ሲወጣ በደሴ ድልድዮች ላይ የኪነ ጥበብ በዓል ሊያዘጋጁ ነው። ሥዕል፣ ግጥም፣ ማሲንቆ፣ ጭፈራ። እኔን የፈለጉኝ ለሁለት ጉዳይ ነው። ሪባን እንድቆርጥ፣ ደግሞም ለድልድይ የሚሆነው ቀለም የቱ እንደሆነ እንድነግራቸው።

ሪባኑን እንቢ አልኩ። የቀለሙን ጉዳይ ጽፌ እሰጣችኋለሁ አልኩ። ይኸው ልጆቼ፣ ጻፍኩ። ቀለሙ ጋ እስክደርስ ድረስ ብዙ ቀባጥሬያለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመንገድና በድልድይ ሥራ የኖረን ሽማግሌ ስለ ድልድይ ከጠየቃችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቦርከናን በየቀኑ ትሻገራላችሁ። አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከባጃጅ መስኮት አይደለም። ወርዳችሁ፣ ከድንጋዩ ላይ ቆማችሁ።

ይህ ወንዝ ከኩታበር በኩል ይመጣል። ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሹልክ ይልና ኮምቦልቻ ይወርዳል። ዶሮ መዝለያ! የዚያ ቦታ ስም ራሱ ስለ መሻገር ነው። ገደሉ ከመጥበቡ የተነሳ ዶሮ ትዘለዋለች ማለታቸው ነው። ውሃው ከዚያ ጨፋን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከኩታበር በወዲያኛው በኩል የሚወርደው ውሃ ግን በሽሎ ይገባል፣ ከበሽሎ ዓባይ፣ ከዓባይ ግብፅ። አንድ ደመና ነው የዘነበው። አንዱ ጠብታ ሜዲትራንያን ይደርሳል፣ ጎረቤቱ አፋር በረሃ ላይ ይተናል። እኔ ገጣሚ ብሆን ከዚህ ሌላ ርዕስ አልፈልግም ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ላውራ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ትንሽ ድልድይ ላይ ሠራሁ። ቦታውን አልጠራም፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ጭነቱን አስልቼ፣ ደግሜ አስልቼ፣ በጣም ኮርቼ ነበር። ቦታውን ስለካ አንዲት ሴት ወንዙ ዳር ልብስ ታጥባለች። «ልጄ፣ ክረምት ላይ እኮ ውሃው እዚያ ይደርሳል» ብላ የግራር ቅርንጫፍ አሳየችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣርና ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ወፍ ጎጆ ልትሠራ ያመጣችው መሰለኝ። ሳቅሁና መለካቴን ቀጠልኩ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ድልድዩ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ሣሩን ያንጠለጠለው ወፍ ሳይሆን ሙላት ነበር።

ያን ቀን የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። ድልድይን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው በላዩ የሚያልፈው ሲኖትራክ አይደለም። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው የድልድዩን እግር ሲመታ ይሽከረከራል። እየተሽከረከረ መሠረቱ ሥር ያለውን አፈር ይቆፍራል። ተንኮሉ ደግሞ ሙላቱ ሲጎድል ነው። ጉድጓዱን በለስላሳ ደለል መልሶ ይሞላዋል። በማግስቱ ሄዳችሁ ብታዩ ምንም የሆነ አይመስልም። መሬት ነው ትላላችሁ። መሬት አይደለም፣ ገንፎ ነው።

በዚህ ላይ እኛ ቆሻሻ እንጨምርበታለን። ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ፍራሽ። አንድ ጊዜ ሶፋ አይቻለሁ፣ ባለ ሦስት ሰው። ይህ ሁሉ ውሃው ከመንገድ ሥር የሚያልፍበት ቱቦ አፍ ላይ ይሰካል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከፍ ይላል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ከዚያ ወይ መንገዱን ይጥሳል፣ ወይ ሰው ቤት ይገባል።

ስለዚህ በዓላችሁ ከሥር ይጀምር። ይህን ስላችሁ «ጋሼ የጽዳት ዘመቻ ሊያደርጉት ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ቆይ፣ ፔሩ የሚባለው አገር ውስጥ ስላለ አንድ ድልድይ ልንገራችሁ።

ኬስዋቻካ ይባላል። በአፑሪማክ ወንዝ ላይ የተዘረጋ፣ 28 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከሣር ገመድ ብቻ የተሠራ ድልድይ ነው። ከኢንካዎች ዘመን የወረደ ጥበብ ነው። ሣር ይበሰብሳልና በየዓመቱ አሮጌውን ያወርዱታል። የአካባቢው አራት ማኅበረሰቦች ሣራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሴቶቹ ቀጭኑን ገመድ ይገምዳሉ፣ ወንዶቹ እሱን እያጣመሩ ወፍራሙን ይሠራሉ፣ ከዚያም ከገደል ገደል ይወጥሩታል። ሦስት ቀን ሥራ ነው። አራተኛው ቀን ጭፈራ። በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ድልድዩን ሳይሆን ይህንን በየዓመቱ የሚታደስ ሥራቸውን ነው። እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን እንተርታለን። እነሱ ወንዝ ይሻገሩበታል። እኛም እኮ በደጋው ጓሳ አለን። ቤት ከድነንበታል፣ ገመድ ገምደንበታል፣ ገሳ ሠርተን ዝናብ አምልጠንበታል። ገመድ የሚገምዱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉና ሁለቱን ጠርታችሁ ድልድዩ ሥር ብታስገምዷቸው ከየትኛውም መድረክ ይበልጥብኛል።

የአሜሪካኖቹንም ልጨምር። ፒትስበርግ ድልድይ የበዛባት ከተማ ናት። በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የከተማዋ ነዋሪዎች አንዱን ትልቅ ድልድያቸውን በእጅ በተሠራ የክር ሹራብ አለበሱት። አዎ፣ ብረቱን ሹራብ አለበሱት። አሮጊቱም ተማሪውም የድርሻውን እየሠራ አመጣ። እኔን የማረከኝ ከበዓሉ በኋላ ያደረጉት ነው። ሹራቡን አውርደው አጠቡና ለሚበርደው ሰው ሰጡት። የእኛ እናቶች ባና አላቸው፣ ጋቢ አላቸው፣ ስፌት አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። ባነርና ቲሸርት ለማሳተም የያዛችሁትን ብር እዚህ ላይ አውሉት። ቲሸርቱ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጽሑፉ ይለቅቃል፣ እኔ ቤት ወለል መወልወያ የሆኑ አሉ።

ጭፈራውን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ሰው ቀላል ይመስላል። ስድስት ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ተጠጋግቶ ሲቆም አራት ኩንታል ገደማ ነው። ይህን በድልድዩ ስፋትና ርዝመት አባዙት። ሁሉም በአንድ ምት ሲረግጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለንደን ውስጥ ሚሊኒየም ድልድይ የሚባል የእግረኛ ድልድይ በ1992 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተመረቀ። ሕዝቡ ሲሻገርበት ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ። ሰዉ ሚዛኑን ለመጠበቅ እርምጃውን ከውዝዋዜው ጋር ሲያስማማ ባሰበት። በሁለት ቀኑ ዘጉት። ውዝዋዜውን የሚያበርድ ማርገቢያ ተገጥሞለት እስኪከፈት ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የኛዎቹ አጫጭርና ወፍራም ስለሆኑ እንዲያ አይወዛወዙም። አሮጌ የብረት መደገፊያ ላይ መቶ ሰው ሲደገፍ ግን እፈራለሁ። ወሎዬ ሲጨፍር ትከሻው ምንም አይለኝም፣ እኔን የሚያስፈራኝ እግሩ ነው። ስለዚህ ጭፈራው ዳር ላይ፣ መሬት ላይ ይሁን። የኮምቦልቻውን ዋና መንገድ እንዘጋለን የምትሉትንም እርሱት። አገር የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ማሲንቆው ግን ከሥር ይግባ። ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ካገኛችሁ ደረቅ በሆነው በኩል አንድ አዝማሪ አስቀምጡ። ድምፁ ጣሪያውን መትቶ ሲመለስ ትሰሙታላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእኛው አገር ስሞች ናቸው። አምባሰልን ቅስት ሥር ቆሜ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዘፈነው የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ሲሚንቶ እያቦካ። ፎርማኑ ሊቆጣ መጥቶ እሱም ቁጭ አለ።

ለቴያትሯ ልጅ ደግሞ በሽሎን እሰጣታለሁ። በ1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ያንን 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጎትተዋል። ድልድይ የለ፣ መንገድ የለ። የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል መንገድ እየጠረቡ ወርደው፣ እየጠረቡ ወጡ። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። በቴያትር ሁልጊዜ የምናየው የመጨረሻዋን ሽጉጥ ነው። ገመድ የጎተተውን ሰው መዳፍ ያሳየን የለም።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። እባካችሁ አንበሳና የአክሱም ሐውልት አትሳሉ። ሐውልቱ አክሱም አለ፣ የፈለገ ሄዶ ያየዋል። ድንጋይና አሸዋ በጀርባቸው የተሸከሙትን ሴቶች ሳሉልኝ። በሠራሁባቸው ድልድዮች ሁሉ ነበሩ። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ ግን አላየሁም። በየሰፈሩ ጠይቁ፣ ዛሬ አያት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ድልድይ ሳይኖር ሙላት ሙሽራ ያስቀረበትን፣ አስከሬን ወዲያ ማዶ ያሳደረበትን ቀን ይነግሯችኋል።

እሺ፣ ቀለሙ።

የድንጋይ ድልድይ ቀለም አትቀቡ። ምንም ዓይነት። ድንጋዩና ኖራው እርጥበት ያስወጣሉ፣ ቀለም ያፍነዋል፣ ከዚያ ይልጣል፣ ከኖራው ጋር። ኮንክሪት ከሆነ ወጣ ብሎ ያለው የዳር ግድግዳ ይበቃችኋል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይሁን፣ የዘይት አይሁን። ግድግዳው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ከኋላ ያለው ውሃ የሚወጣባቸው ናቸው፣ እንዳትደፍኗቸው። የተሰነጠቀ ቦታና የዝገት መስመር ያለበትን ሳትቀቡ ተዉት። እኛ ድልድይ መታመሙን የምናውቀው በዚያ ነው። እናንተ በአበባ ሥዕል ከሸፈናችሁት ማን ያየዋል? ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ በወረቀት ያዙ። «በቃል ተፈቅዶልናል» የሚባል ነገር እኔን ብዙ አስለቅሶኛል።

ቀኑን ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ አድርጉት። ውሃው ይጎድላል፣ ግን ሙላቱ የደረሰበት ምልክት ገና አይጠፋም። ዛፎቹን ቀና ብላችሁ እዩ።

ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ድልድዩ ሥር እጠብቃችኋለሁ። መዶሻና ረጅም ዘንግ እኔ አመጣለሁ። እናንተ የጎማ ቦቲና ጓንት ያዙ። አስተባባሪውም ይምጣ፣ ሶፋ ካለ የምናወጣው በአራት ሰው ነው።