ድምፁ ስለጠፋው ሞተር

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «አሮጌው የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክሌ ከሞተሩ ላይ ቲክ ቲክ ይል ነበር፤ አሁን ድምፁ ጠፋ። ተሻለው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስንት ደህና ሞተር «ጸጥ አለልኝ» ሲባል ከርሞ ለቁራሌው ተሸጧል! አልተሻለውም ልጄ፣ የቫልቩ ክፍተት እያለቀ ነው። ቫልቭ ማለት አየርና ቤንዚን የሚያስገባው፣ ጭሱንም የሚያስወጣው የሞተሩ በር ነው፤ ክፍተቱም በቫልቩ ጫፍና እሱን በሚጫነው ክንድ፣ በሮከሩ፣ መካከል ያለው ነው።

የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን በዋናነት የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ከጊዜ ብዛት ቫልቩና መቀመጫው ይበላሉ፤ ቫልቩ ወደ ላይ ይገባል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ሲያልቅ ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም፣ እሳት በጠርዙ እያለፈ ያቃጥለዋል። ያኔ ማስነሻው እግር ስር ይላላል፣ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ አልነሳ ይላል። ለስለስ ያለ ቲክታ የጤና ነው።

ሆንዳ ይህን ሞተር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጭነት ለሚበዛበትና ጥገና ለሚጎድለው ሰው አስቦ ነው። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ናቸው፤ የሚላላ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስነሳው ባለ ጉብታ ዘንግ) ሰንሰለት የለውም። ሁለቱንም ቫልቮች የምታንቀሳቅሰው አንዲት የካም ጉብታ ናት። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል። የኋላውን ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆርቆሮም ነበረው፤ የዛሬ ልጆች ለውበት ብላችሁ ታወልቁታላችሁ፣ አቧራውም ሰንሰለቱን ይበላዋል።

የቫልቩ ክፍተት ልክ የሚወሰደው በቀዝቃዛ ሞተር ስለሆነ አሳድሩት። ካንዴላውን፣ እሳት የሚጭረውን፣ ፍቱ፣ የላይኛውን ክዳን አንሱ። በግራ በኩል መዘውሩን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩና «ቲ» የሚለውን ምልክት ከአካሉ ምልክት ጋር ግጠሙ። ሁለቱም ሮከሮች በጣት ሲነኩ መወዝወዝ አለባቸው፤ ካልተወዛወዙ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል 0.08 ሚሊ ሜትር ስስ መለኪያ አስገቡ፣ ለሁለቱም ልኩ አንድ ነው። መለኪያው ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። ካልሆነ በሮከሩ ጫፍ ያለውን ዳዶ አላልታችሁ በማስተካከያው ብሎን አስተካክሉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዳዶው ሲጠብቅ ነው፤ ብሎኑም አብሮ ይዞራል። ብሎኑን በካቻቢቴ ይዛችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ደግማችሁ ለኩ። መጠራጠር ከመጣ ጥቂት ማላላት ይሻላል። እኔ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ እላለሁ።

ካንዴላውን ስትመልሱ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥቀርሻ ከለበሰ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን በዝቶበት ይሆናል። በዚህ ምክንያት የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን) የቤንዚን ቀዳዳ ያሳነሰ ሰው ግን ወደ አዋሽ ሲወርድ የቀድሞውን ይመልስ፤ ቆላ ላይ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል። ዘይቱም ወደ አንድ ሊትር የምትጠጋ ናት፣ ሞተሩም የሚለወጥ የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ዘይቱን በጊዜው ቀይሩት።

ድምፁ ለጠፋብህ ልጅ፦ ልኩን አስተካክለህ ማስነሻው አሁንም ከላላ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ካንዴላውን መልሰህ ርገጥ። ከጠነከረ የተበላው የፒስተኑ ቀለበት ነው። እንደላላ ከቀረ ግን ቫልቩ ስላልገጠመ የሲሊንደሩ ራስ ይከፈት።