ተጫዋቹ «ሐይቅ» ብሎ ሲጽፍ ጨዋታው ለምን ይዘጋል?

እህቴ፣ በፓይተን የምትሠሪውን የጽሑፍ ጨዋታ አየሁት። መንገደኛው ከደሴ ይነሳል። 1 ካለ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ 2 ካለ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። ወንድምሽ ቁጥሩን ትቶ «ሐይቅ» ብሎ ጻፈና ጨዋታው «ቫልዩ ኤረር» (ወደ ቁጥር የማይቀየር ነገር ሲመጣ ፓይተን የሚያወጣው ስህተት) ብሎ ተዘጋ። ጥያቄሽ «ሰው ሊሳሳት የሚችለውን ሁሉ በኢፍ ቅድመ ሁኔታ መዝጋት አለብኝ ወይ?» የሚል ነው።

አብሽሪ፣ የለብሽም። የስህተቱ ዓይነት ማለቂያ የለውም። ትክክለኛው መልስ ግን እዚያ ቦታ ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የሚፈቀደውን ዘርዝሪ፤ ከዚያ ውጭ የመጣውን ሁሉ በአንድ መንገድ መልሺው። ደግሞ ወንድምሽ የፈለገውን በግልጽ ነው የተናገረው። ቁጥሩንም ቃሉንም ተቀበይለት።

አንድ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ይበቃሻል። ውስጡ ዋይል ሉፕ (የሚደጋገም ዙር) ይኑረው። ተጫዋቹ የጻፈውን ኢንፑት ይውሰድ፣ በስትሪፕ ዳርና ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ያጽዳ፣ ከተፈቀዱት ውስጥ ካገኘው ሪተርን ያድርግ (መልሶ ይስጥ)፣ ካጣው ምርጫዎቹን አሳይቶ እንደገና ይጠይቅ። ለምርጫ ብቻ ከሆነ ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) መቀየር አያስፈልግም። «1»ን እንደ ጽሑፍ ካወዳደርሽው ቫልዩ ኤረር አይመጣም። ስሌት ያለበት ቁጥር ሲኖር፣ ለምሳሌ ተጫዋቹ ባቲ ገበያ ላይ ስንት ብር እንደሚከፍል ስትጠይቂው፣ ያኔ ኢንትን በትራይ («ሞክር» በሚለው ክፍል) ውስጥ አስገቢ። ስህተቱን የሚይዘውን ኤክሴፕት ግን ባዶውን አትተዪው፤ «ቫልዩ ኤረር» ብለሽ ስሙን ጥሪ። ባዶ ከሆነ ተጫዋቹ በኮንትሮል ሲ (ፕሮግራም በሚያቋርጡት ቁልፎች) ሊወጣ ሲል ያንንም ይውጠዋል። ጽሑፉ አኃዝ መሆኑን የሚያየው ኢዝዲጂትም ብቻውን አያስተማምንም። አንድ ሰው «፩» ብሎ ቢጽፍ ኢዝዲጂት «አዎ፣ ቁጥር ነው» ይላል፤ ኢንት ግን አይቀበለውም።

ኮድሽ ላይ ፈንክሽኑ ስህተት ሲያይ ራሱን ይጠራል። ይህን አውጪው። የጠራሽው ሪተርን ሳትይ ስለሆነ ተጫዋቹ በሁለተኛው ሙከራ በትክክል ቢመልስ እንኳ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል። እጅሽ ላይ የሚደርሰው «ነን» (ፓይተን «ምንም የለም» የሚልበት ዋጋ) ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ከጀማሪዎች ጋር ስሠራ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርቶች «ሎወር ብለህ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርግ» ይላሉ። በኛ ፊደል ላይ ሎወር ምንም አይሠራም። «ሐይቅ»ን አንዱ «ሀይቅ»፣ ሌላው «ሃይቅ»፣ ሌላው «ኃይቅ» ብሎ ይጽፈዋል። ለአንባቢ ያው ነው፤ ለፓይተን ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በስልክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቶሎ የመጣለትን ነው የሚነካው።

መፍትሔው በሜክትራንስ ፊደልን በፊደል የሚተካ አንድ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ሐ እና ኀ ከነቤተሰባቸው ወደ ሀ ቤት ይግቡ። እንደዚሁ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ። ራብዖቹን ሃን፣ ሓንና ኃንም ወደ ሀ፣ ኣንና ዓንም ወደ አ መልሺ። ለሜክትራንስ የምትሰጪያቸው ሁለት ጽሑፎች የፊደል ብዛታቸው እኩል ይሁን፤ አለዚያ እሱም ስህተት ይሰጥሻል። ከዚያ የተጫዋቹን ጽሑፍ ሠንጠረዡን ሥራ ላይ በሚያውለው ትራንስሌት አሳልፊው።

አደራ፣ የራስሽን ዲክሽነሪ (ቃልን ከሚያመጣው ነገር ጋር የሚያያይዝ ዝርዝር) ቁልፎችም፣ ማለትም የሚፈለጉትን ቃላት፣ በዚያው ሠንጠረዥ አሳልፊ። ያንቺ ቁልፍ «ሐይቅ» ሆኖ ቢቀርና የተጫዋቹ ቃል ወደ «ሀይቅ» ቢቀየር፣ አስተካክሎ የጻፈው ሰው ራሱ «አልገባኝም» ይባላል። ሠንጠረዡ ለማወዳደር ብቻ ነው። ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በትክክለኛ ፊደሉ ይቆይ።

ወደፊት ሙሉ ትእዛዝ ልትቀበዪ ካሰብሽ ሌላም አለ። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ኮድ የመጀመሪያውን ቃል እንደ ግስ ይወስዳል። እኛ ግን «ፋኖሱን ውሰድ» ነው የምንለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ በስፕሊት ቃል በቃል ከፍለሽ የመጨረሻውን ቃል ያዢ። ዕቃውን የቃል መጀመሪያ በሚያየው ስታርትስዊዝ ለማግኘት አትሞክሪ። «ፋኖስ» «ፋኖሱን» ሲሆን «ስ» ራሱ ወደ «ሱ» ስለሚቀየር አይገጥምም። ሁለቱንም ቅርጽ ዲክሽነሪው ውስጥ ጽፈሽ ወደ አንድ ዕቃ አመልክቺ። ግሱንም እንደዚሁ፤ «ሂድ»፣ «ሂጂ»፣ «ልሂድ»፣ «እሄዳለሁ» ሁሉም አንድ ሥራ ይሥሩ። ዕቃው ጥቂት እስከሆነ ድረስ በእጅ መጻፉ አይከብድም።

መልእክቶችሽንም ለዪ። ያልገባ ነገርና የገባ ግን የማይሆን ነገር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም። ተጫዋቹ ሐይቅ ላይ ሆኖ «ባቲ» ቢል ቃሉ ትክክል ነው፤ ግን የባቲ መንገድ በኮምቦልቻ በኩል ነው። «አልገባኝም» ከተባለ አጻጻፉን የሳተ ይመስለውና ደጋግሞ ይሞክራል። «ከዚህ በቀጥታ ባቲ አይኬድም፤ ወደ ደሴ ተመልሰው በኮምቦልቻ ይሂዱ» ብትዪው ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ለዚህ ቼኩን ሁለት ቦታ ክፈዪው፦ መጀመሪያ «ይህን ቃል አውቀዋለሁ?»፣ ቀጥሎ «አሁን ካለበት ቦታ ይቻላል?»።

የጎደለውን ቃል ቤት ቁጭ ብለሽ አትገምቺ። ጨዋታው ያልገባውን ትእዛዝ ሁሉ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይመዝግብ። ጨዋታውን ላላየ ሰው ስጪውና ምንም ሳትነግሪው ይጫወት። ሲጨርስ ፋይሉን ክፈቺ፤ ዲክሽነሪሽ ላይ የሚጨመረውን እዚያ ታገኚዋለሽ።