የለፋ አጎዛ በምን ይታወቃል? ጋሼን ጠይቁ (ጎንደር)

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ ከቅዳሜ ገበያ አጎዛ ልገዛ ነበር፣ ጥሩውን በምን ልለየው?

ጋሼ፦ ገልብጠው! ሰው ሁሉ ጠጉሩን እየዳበሰ ይገዛል፣ ጉዱ ያለው በስጋው በኩል ነው። ግራና ቀኝ ይዘህ ሳበው፣ የለፋ ከሆነ እየነጣ ይዘረጋልሃል፣ በደንብ ያልለፋው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከዛ ወደ ብርሃን አንሳው፣ የገፈፈው ሰው በቢላ የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ነገ የሚቀደደው እዛ ጋ ነው። ሆዱ ሁሌም ስስ ነው እሱን ተወው፣ ጀርባው ከሳሳ ግን አትግዛ። መጨረሻ ላይ ጠጉሩን ሳብ፣ አንድ ሁለት ቢወጣ ችግር የለም፣ እጅህን ከሞላው ግን ጨው ሳያገኝ በስብሶ ነበር ማለት ነው፣ መድኃኒት የለውም።

ማራኪ፦ ነጩ ይሻላል ቡኒው?

ጋሼ፦ የጠጉሩን ከሆነ እንደ ምርጫሽ። የቆዳውን ከሆነ ጠርዙን እዪ፣ ወደ ሰማያዊ ካደላ በክሮም (የፋብሪካ ማልፊያ ኬሚካል ነው) የለፋ ነው፣ ውሃ ይችላል። ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሸብና (ውሃ የሚያሟሟው ነጭ ማዕድን ነው) በጨው ነው፣ ሲታጠብ ሸቡ ይወጣና ሲደርቅ እንደ ሳንቃ ይገግራል።

ቀሃ፦ አጎዛ ይታጠባል እንዴ?

ጋሼ፦ አሁን መለስኩ እኮ፣ ከላይ አንብብ።

ደባርቄ፦ አጎዛ የሰሜን በግ ነው ሌላው ዝም ብሎ ነው

የአዘዞ ልጅ፦ መንዝስ? ባና፣ የሱፉ ብርድ ልብስ፣ የሚሰራበት ጠጉር አይደል?

ደባርቄ፦ ባና ተሸልቶ ተፈትሎ ነው ወንድሜ፣ ምን አገናኘው

ጋሼ፦ የአገር ጉዳይ አታድርጉት! ቆዳችንን የጨረሰው እከክ ነው። ቅማልና ደም መጣጭ ተባይ የያዘው በግ ቆዳው ሽፍታ ያወጣል፣ ጠጉሩ ስለሚሸፍነው አይታይም። ጠጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን በጣት ዳስሱ፣ የሚቆረቁር ነገር ካለ በጉ በሕይወት እያለ የተበላሸ ነው፣ የቱንም ያህል ቢለፋ አይጠፋም። በጉ በጊዜው መድኃኒት ቢነከር ኖሮ ስንቱ ቆዳ ይተርፍ ነበር፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ማራኪ፦ የኔ ይሸታል ምን ላድርግ

ጋሼ፦ ምን ምን ይሸታል? እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ። ነጭ ወረቀት በስጋው በኩል ጫኚበት፣ ቅባት ከታተመበት ጮማው በደንብ አልወጣም።

ቀሃ፦ ዋጋውስ?

ጋሼ፦ ገበያ ጠይቅ።

ፒያሳ፦ ለፋሲካ ያረድነውን ራሴ ላስለፋው ብልስ?

ጋሼ፦ ከተገፈፈ ብዙ ሰዓት ሳይቆይ በስጋው በኩል ደቃቅ ጨው አልብሺው፣ ጠርዙንና እግሩን እንዳትረሺ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይበሰብሳል!


ፒያሳ፦ ፀሐይ ላይ ቶሎ አይደርቅም?

ጋሼ፦ ጥላ ብያለሁ።