ለምጽ፣ የብርሃን ሕክምናና ጤና አዳም፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ለምጽ ከጀመረኝ 14 ዓመት ሆነኝ። በግራ ዐይኔ ሥር የምስር ፍሬ በምታህል ነጭ ነጥብ ነው የጀመረው። ከዚያ አፌ ዙሪያ፣ ከዚያ ሁለቱ እጆቼ። ሁለት ዙር የብርሃን ሕክምና ወስጃለሁ፣ የሚቀባውንም የሚጠጣውንም ሞክሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት፣ የቆዳ ሐኪሞችንም ያልጠየቅኩት ጥቂት ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የፈንገስ ቅባት ሦስት ወር ተቀባሁ፣ አልለቀቀኝም። ቋቁቻ ነው ለምጽ እንዴት ልወቅ?

ሁለቱ ብዙ ሰው ላይ ይምታታሉ። ቋቁቻ በጥፍርሽ ፋቅ ስታደርጊው ስስ ቅርፊት ይነሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ለምጽ ልሙጥ ነው። ነጭነቱ እንደ ኖራ ነው። የቆዳ ሐኪም ክፍሉን አጨልሞ ዉድስ ላምፕ የሚባል መብራት ሲያበራበት ቦታው ቦግ ብሎ ይታያል። ሥጋ ደዌ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያነጣው ቦታ ይደነዝዛል፣ በጥጥ ሲነካ ላይሰማሽ ይችላል። የለምጽ ቦታ ስሜቱ ሙሉ ነው። በግምት ሦስት ወር ከመቀባት አንድ ቀን መታየት ይሻላል፣ እባክሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የብርሃን ሕክምና ሲባል ቀይ መብራት ያለው የፊት ማስክ ነው? ኦንላይን አይቼ ልገዛ ነበር።

አይደለም፣ ብርህን አታባክን። ለለምጽ የሚሠራው ናሮባንድ ዩቪቢ የሚባለው ነው፤ 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ተመርጦ የወጣ ጠባብ ክፍል። ለለምጽ እንደሚሠራ መጀመሪያ ያሳዩት የኔዘርላንድ ሐኪሞች ናቸው፣ በ1997 እ.ኤ.አ.። ለምጽ የሚመጣው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠቃ ነው። ይህ ብርሃን ሁለት ነገር ያደርጋል። ጥቃቱን ያበርዳል፣ በፀጉር ሥር የተደበቁትን ቀለም ሠሪ ሴሎች ደግሞ ቀስቅሶ ወደ ላይ ያወጣቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁም ሳጥን በሚመስል፣ ዙሪያውን ረጃጅም አምፖል በተገጠመለት ሳጥን ውስጥ መነጽር አድርገህ ትቆማለህ። ወንዶች ብልታቸውን ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ሰኮንዶች ብቻ ነው፣ ከዚያ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፣ በተከታታይ ቀን ግን አይሆንም። የሚፈለገው ነጩ ቦታ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ እንዲይዝና በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ነው። በማግስቱም ካቃጠለህ ወይም ውኃ ከቋጠረ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ዝም ብለህ እንዳትመለስ፣ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ 20 ጊዜ ሄድኩ፣ ምንም የለም። ላቁመው?

እህቴ፣ አታቁሚው። ብዙ ሰው ልክ አንቺ ያለሽበት ላይ ሲደርስ ነው የሚተወው። አልሠራም ለማለት ስድስት ወር፣ ወደ 72 ጊዜ ገደማ መግባት ያስፈልጋል። እኔም 25ኛው ላይ ልተወው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ አገጬን ሳይ፣ ነጩ መሐል ላይ እንደ ቀይ ጤፍ ፍሬ የምትሆን ቡናማ ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት፣ አልሄደም። ጠጋ ብዬ ሳየው ከመሐሉ ፀጉር ወጥቶበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኑ፣ ከዚያ ተገናኝተው ተያያዙ። ቀለም የሚመለሰው በአብዛኛው እንዲህ ነው፣ ከፀጉር ሥር። ስለዚህ በየወሩ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ አንሺ። በየቀኑ የሚያይ ዐይን ለውጥ አይታየውም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቦታ ይለያያል። ፊትና አንገት ጥሩ ይመልሳሉ፣ ክንድና እግርም ደህና ናቸው። የጣት ጫፍ፣ ከንፈርና የእግር ጣት ግን ፀጉር ስለሌላቸው በጣም ይከብዳሉ። ቦታው ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣም እንደዚሁ። የኔ ጣቶች እስከ ዛሬ ነጭ ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ጸሐይ ሞልቶ ለምን ለመብራት እንከፍላለን? ጠዋት ጠዋት ብሞቅስ?

የሚያስኬድ ጥያቄ ነው። ችግሩ የማለዳ ጸሐይ ውስጥ ዩቪቢ ትንሽ መሆኑ ነው። እሱ የሚበረታው ወደ እኩለ ቀን ነው፣ ያኔ ደግሞ በዚህ ከፍታ ላይ ቀለም የሌለው ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። በመስኮት መስታወትም ዩቪቢ አያልፍም። ክሊኒክ አጠገብህ ከሌለ፣ ሐኪም በደቂቃ ለክቶ የሚያዝልህ ጸሐይ አለ። መለካቱ ነው ቁም ነገሩ። በቀረው ሰዓት ነጩን ቦታ ሸፍን ወይም ሰንስክሪን ተቀባ።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም ወቅጦ ቀብቶ ጸሐይ መሞቅ ያድናል ይባላል። ነጭ ሽንኩርትስ? ሎሚስ?

ይህን ጥያቄ ሳይ እጄን ነው ያየሁት። ከ12 ዓመት በፊት አንድ የማከብረው ሰው ነግሮኝ ጤና አዳም ከሎሚ ጋር ጨምቄ ግራ እጄ ላይ ቀባሁና በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ቀላ። በሦስተኛው ቀን የእጄ ጀርባ እንደ ሽምብራ ፍሬ ውኃ ቋጥሮ ተነሳ። ሲድን ጤነኛ የነበረው ቆዳ ሳይቀር ነጣ። አሁን ግራ እጄ ላይ ያለው ትልቁ ለምጽ የዚያ ቀን ነው።

ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅኩት። ጤና አዳምና ሎሚ ውስጥ ቆዳን ለጸሐይ የሚያሳብዱ ሶራሌን የሚባሉ ቅመሞች አሉ። የጥንት ግብጾች በዚህ ዓይነት ተክል ለምጽ ያክሙ ነበር፤ በ1940ዎቹም እ.ኤ.አ. እዚያው ግብጽ ቅመሙ ተነጥሎ ወጥቶ ፑቫ ለሚባለው፣ ሶራሌንን ዩቪኤ ከሚባል ሌላ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር ለሚያጣምረው ሕክምና በር ከፈተ። ስለዚህ አያቶቻችን ዝም ብለው አላወሩም። ግን ቅጠል ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አይለካም፣ ፑቫ ራሱም በማቅለሽለሹና በቆዳ ካንሰር ስጋቱ ቦታውን ለናሮባንድ ለቋል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ያለ ጸሐይም ያቃጥላል። ለምጽ ያለበት ሰው ቆዳው ሲቆስል፣ ሲቃጠል፣ ሲፋቅ እዚያው ቦታ አዲስ ለምጽ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሞች ኮብነር ይሉታል። ስለዚህ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ይቅርባችሁ። «ሲያቃጥል እየሠራ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። አሠሪዬ ይተላለፋል ብላ ሳህኔን ለየችው። ክሊኒክ በሳምንት ሦስቴ አይለቁኝም። በእጅ የሚያዘውን መብራት ብገዛስ?

የኔ እህት፣ አይተላለፍም። በሳህንም፣ በፎጣም፣ በመተቃቀፍም። በአረብኛ «ቡሃቅ» ይባላል፤ በዚህ ስም በስልኳ ፈልጋ በራሷ ቋንቋ ታንብብ።

የእጅ መብራቱ ትንሽ ቦታ ላይ ላለ ለምጽ ይሠራል። በእንግሊዝ አገር 517 ሰዎች ቤታቸው ሞክረውታል። በዘጠኝ ወር ጥሩ ለውጥ ያዩት፣ ስቴሮይድ ቅባት ብቻ ከተቀቡት ከመቶ 17፣ መብራቱን ብቻ ከተጠቀሙት 22፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጉት 27 ናቸው። እንግዲህ አያችሁ፣ ተአምር አይደለም፣ ግን ባዶም አይደለም። 311 ናኖሜትር የሚል መሆኑን አረጋግጪ፣ መነጽር አይለይሽ፣ የመነሻ ሰኮንዱን ሐኪም ይንገርሽ። ጠንካራ ስቴሮይድ ቅባት ግን በራስሽ ገዝተሽ ፊትሽ ላይ ለወራት እንዳትቀቢ፤ ቆዳ ያሳሳል። ለፊት ታክሮሊመስ የሚባለው ቅባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጊንኮስ?

ጊንኮ ቢሎባ፣ ከዛፍ ቅጠል የሚወጣው፣ በትናንሽ ጥናቶች በቀስታ የሚስፋፋ ለምጽን እንዳቆመ ታይቷል። ደም ያቀጥናል፤ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይንካው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብትቀባ አልከለክልህም፣ ግን በእሱ ተማምነህ ብርሃኑን እንዳታቋርጥ። ቫይታሚን ከመግዛትህ በፊት ተመርመር። ዲ፣ ቢ12ና የታይሮይድ ምርመራ፤ ታይሮይድ ከለምጽ ጋር አብሮ የመምጣት ነገር አለው። አጽዋማቱን ሁሉ ለምትጾሙ ቢ12 በተለይ። የጎደለውን መሙላት ነው እንጂ ያልጎደለውን ማከል ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ጸበል ላይ ነኝ። ሕክምናውን ላቁም?

አያቁሙ እናቴ። እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ጸበሉን ይጠመቁ፣ ቦታውን ብቻ አይፈትጉት። አንድ ነገር ግን ልበል። ዘሌዋውያን 13 እና 14 ላይ ያለውን ለምጽ እያነበቡ እርግማን ነው ብለው ያዘኑ ብዙ ናቸው። እዚያ የተጻፈው ቃል ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመምን፣ ልብስና ግድግዳ ላይ የሚወጣን ሳይቀር በአንድ ስም የጠራ ነው። የእርስዎ በሽታ የሰውነት መከላከያ መሳሳት ነው። ኃጢአት ፍለጋ አይድከሙ።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ብርሃኑ ይሆናታል?

መነጽር አድርጋ፣ ብቻዋን ሳትንቀሳቀስ መቆም ስትችል ነው። እስከዚያ ቅባት አለ። ለነፍሰ ጡርም ናሮባንድ ይሰጣል፣ ፎሊክ አሲዷን እየወሰደች።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። አዲስ ቅባት ወጣ ይላሉ።

ሩክሶሊቲኒብ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለለምጽ የፈቀደችው፣ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። በስድስት ወር ከ10 ሰው ሦስት ያህሉ የፊታቸውን ሦስት አራተኛ ቀለም አግኝተዋል። ውድ ነው፤ ኢንሹራንስህን አስቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከዳነ በኋላ ተመልሶ ይመጣል?

ሊመጣ ይችላል። ምንም ሳያደርጉ ካቆሙ ከ10 ሰው ወደ አራቱ በዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል። የኔም አገጬ ላይ በስምንተኛው ወር ተመለሰ። ለዚህ ነው ሁለተኛ ዙር የገባሁት። አሁን ሐኪሜ ባዘዘኝ መሠረት ቀለሙ የተመለሰበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለቴ ታክሮሊመስ እቀባለሁ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ማታ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አገጬ እስከ ትናንት ደህና ነው።