ሴንት ኪልዳን በትንሽ መርከብ፦ አባትሽን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «የስኮትላንድን ሩቅ ደሴቶች በትንሽ መርከብ ልዞር አስቤያለሁ፤ የ68 ዓመት አባቴን ይዤ ይቻላል ወይ? ባሕር አያውቁም፣ ጾመኛም ናቸው» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ግላስጎው ነው የምኖረው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለተኛውን ከእማዬ ጋር። ያየሁትን ልንገርሽ።

ትንሽ መርከብ ሲሉሽ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠይቂ። መቶና ከዚያ በላይ የሚጭኑትንም «ትንሽ» ይሏቸዋል። እኔ የሄድኩበት 12 መንገደኛ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከ12 ካለፈ በሕጉ ጠንከር ያለው የመንገደኛ መርከብ ደንብ ስለሚመጣ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ያቆማሉ። ከኦባን ወደብ ነው የተነሳነው። ሁሉም ሰው አንድ ገበታ ላይ ይበላል፣ ካፒቴኑ ካርታውን ዘርግቶ የነገውን መንገድ ያሳያል። በሁለት ቀን ውስጥ ቤተሰብ ትሆናላችሁ። ግን መኝታው ጠባብ ነው፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። የአባትሽን ጉልበት አስቢበት።

ሁሉም ሰው ማየት የሚፈልገው ሴንት ኪልዳን ነው፣ ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የሌለውን የትንንሽ ደሴቶች ስብስብ። ሰው ከሚኖርባቸው ደሴቶች ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አትላንቲክ ገባ ብሎ ነው ያለው። መልሕቅ የሚጣልበት የመንደሩ ባሕረ ሰላጤ አፉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተከፈተ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከዚያ በኩል ከመጣ መውረድ አይታሰብም። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ የገጠመኝ ይኸው ነው። ሁለት ሌሊት ሃሪስ ደሴት ተጠግተን ማዕበሉ እስኪበርድ ጠበቅን፣ አልበረደም፣ ተመለስን። ያኔ በጣም አዝኜ ነበር። ዛሬ ግን ካፒቴኑ ትክክል እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ ለሴንት ኪልዳ ብቻ ብለሽ ገንዘብ አትክፈይ።

በሁለተኛው ጉዞ ወረድን። አንድ ጎዳና፣ በ1860ዎቹ የተሠሩ 16 ቤቶች፣ አብዛኞቹ ጣሪያ የላቸውም። ተራራው ላይ ደግሞ ክሊት የሚባሉ የድንጋይ ጎተራዎች ተበትነዋል፤ በዋናው ደሴት በሂርታ ብቻ ከ1,200 በላይ ናቸው። ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው የሣር አፈር። ነፋሱ በድንጋዩ መካከል እያለፈ የወፍ ሥጋ ያደርቅላቸው ነበር። ወንዶቹ በገመድ ገደል እየወረዱ ወፍና እንቁላል ይለቅሙ ነበር፤ ለባለ መሬቱ ግብር የሚከፍሉት እንኳ በላባ ነበር። ገደሉን ከታች ሆነሽ ስታዪው ነው ነገሩ የሚገባሽ። ስታክ አን አርሚን የሚባለው ከባሕር ቀጥ ብሎ የወጣ ዓለት 196 ሜትር ነው፣ እሱ ላይም ይወጡ ነበር።

ወጣቱ እየተሰደደ፣ የቀረውም እየደከመ ሲሄድ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው መንግሥት እንዲያወጣቸው ለመኑ። ነሐሴ 29 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹ 36 ሰዎች በባሕር ኃይል መርከብ ሄዱ። በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ ጥቂት አጃ አስቀምጠው ነው የወጡት። አስጎብኚው ይህን ሲናገር ለእማዬ ተረጎምኩላት። ቆም ብላ «አጃው ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቤት እየገባች፣ ምድጃው አጠገብ ትንሽ እየቆመች ነው የወጣችው። እኔም አብሬያት ቆምኩ።

በመመለሻችን አዮና ላይ አረፍን። ቅዱስ ኮሎምባ ከአየርላንድ መጥቶ በ563 እ.ኤ.አ. ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለመች፤ ሰዎቹ ዝም ብለው መንገድ ለቀቁላት። አባትሽ ጾመኛ ከሆኑ ይችን ደሴት እንዳታስቀሪባቸው።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ፣ ግን ቀድመሽ ተናገሪ። ፓፊን የምትባለውን ባለ ቀለም ምንቃር ወፍ ለማየት ከግንቦት እስከ ሐምሌ መሄድ አለብሽ፤ ነሐሴ ሲገባ ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ይህ ወቅት ደግሞ የሰኔ ጾም ላይ ይወድቃል። እኔ እማዬን ሳስመዘግብ «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) ብዬ ጻፍኩ፣ ዓሣም እንደማትበላ ለብቻው ጨመርኩ፤ እዚያ ጾም ሲባል ዓሣ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። ምግብ አብሳዩ ምስር በየቀኑ በተለያየ መልክ ሠራላት። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይዘን ነበር፣ እሱም ቀምሶ ወደደው።

ለባሕር ሕመም መድኃኒቱን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ይውሰዱ፣ ካቅለሸለሸ በኋላ ብዙም አይረዳም። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ሴንት ኪልዳ ከመውረዳችሁ በፊት ቦርሳችሁን ይፈትሹታል፤ አይጥ ከገባ መሬት ውስጥ ጎሬ ቆፍረው የሚፈለፍሉትን ወፎች ይፈጃቸዋል። ስለዚህ ምግብ በክፍት ቦርሳ አትያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሴንት ኪልዳ ላይ ከመርከቡ ወደ ጎማ ጀልባ፣ ከጎማ ጀልባው ደግሞ ወደ ድንጋዩ መውጣት አለ፣ ጀልባው እየዘለለ። እማዬን ሁለት መርከበኞች ክንዷን ይዘው ነው ያሻገሯት። አባትሽ ይህ የሚከብዳቸው ከሆነ እኔ ብሆን ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉትን የኦርክኒ ደሴቶች እመርጥላቸዋለሁ። መርከብ ወደብ ላይ ይቆማል፣ በመኪና ይዞራል። ስካራ ብሬ እዚያ ነው፦ በ1850 እ.ኤ.አ. ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ያጋለጠው፣ 5,000 ዓመት የሆነው መንደር። የድንጋይ አልጋው፣ የድንጋይ መደርደሪያው እንዳለ አለ፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያን እስረኞች ከቆርቆሮ ጎጆ የሠሩት ጸሎት ቤትም እዚያው ነው።

ከመክፈልሽ በፊት አስጎብኚ ድርጅቱን ሁለት ነገር በጽሑፍ አስመልሺ፦ ሴንት ኪልዳ ካልተደረሰ በምትኩ የት እንደሚወስዷችሁ፣ ከመርከቡ ወደ ጎማ ጀልባው የሚወረደው በደረጃ ነው ወይስ በመሰላል። እኔ ግን ከአንቺ አንድ ነገር ልወቅ፦ አባትሽ ቤት ውስጥ ደረጃ ሲወርዱ መደገፊያ ይይዛሉ? ያንን ጻፊልኝና የትኛው መንገድ እንደሚሻላቸው እንነጋገራለን።