«ዝም ማለቴ ድምፅ ሆኖ ተቆጠረ»

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የዩኒቨርሲቲ ካውንስል አባል ራሱን እንዴት ይያዝ በሚል ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ሦስቱም ጸሐፊዎች ነዋሪነታቸው በአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ ስማቸውንም ሆነ የሚሠሩባቸውን ተቋማት ስም አላወጣንም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ ብዙውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት የሥራ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስሾም በዚያው የካውንስል አባል ሆንኩ። በሦስተኛው ስብሰባችን ለአንድ ዳይሬክተርነት ቦታ ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች አንዱ የባለቤቴ እህት ልጅ ሆኖ አገኘሁት። ደንግጬ ዝም አልኩ፤ አስተያየት አልሰጠሁም፣ እጄንም አላወጣሁም። ልጁ ተመረጠ። ከሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ‹በሙሉ ድምፅ› የሚል አነበብኩና ከሌሎቹ ጋር ፈረምኩ። ልጁ ለቦታው ብቁ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ካውንስሉ የሚያማክር እንጂ የሚሾም አካል አይደለም፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» (የካውንስል አባል፣ ከአያት)

መልስ፦ ጥፋትዎ ከወንበርዎ አለመነሣትዎ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ፊርማው ሲሆን፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው የተወለደ ነው።

ዝምታ ገለልተኛነት የሚመስለው ለዝም ባዩ ብቻ ነው። በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ባልደረቦችዎ መካከል ዝምድናውን የሚያውቁ ካሉ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያለ «የዚህ ዕጩ የሥራ ልምድ ያንሳል» ብሎ የሚናገረው ስንቱ ነው? ነገ ከክፍልዎ ትብብር የሚፈልግ፣ በሠርግና በለቅሶ የሚገናኛችሁ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። የማያውቁት ደግሞ ማወቅ የነበረባቸውን ሳያውቁ ድምፅ ሰጥተዋል። ስለ ሥነ ምግባር ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን በፖስታ የታሸገ ብር ነው፤ በእኔ ግምት ግን ጉባኤዎቻችንን ደጋግሞ የሚያስተው ጉቦ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጉቦ ተቀባዩም ሰጪውም ይደብቁታል፤ ይሉኝታ ጨዋነት መስሎ በበሩ ይገባል፣ ወንበርም ይለቀቅለታል።

እድር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም። ድንኳን ሊገዛ ታስቦ ከሻጮቹ አንዱ የእድሩ ዳኛ ወንድም ቢሆን፣ አስተዋይ ዳኛ «በዚህ ጉዳይ እኔ አልቀመጥም» ብሎ ይነሣና ሌላ ሰው ይመራዋል። ይህን ሲያደርግ ወንድሙን ሌባ ነው ማለቱ አይደለም፤ ሌሎቹ አባላት ዋጋውንም ጥራቱንም በነጻነት እንዲናገሩ መንገድ መልቀቁ ነው። ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ዩኒቨርሲቲ ከሰፈር እድር ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።

ዝምድናው በጋብቻ የመጣ በመሆኑ የማይቆጠር መስሎዎት ይሆናል። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ለጥቅም ግጭት ግን ቤት መቁጠር አያዋጣም። ልጁ ባይመረጥ ኖሮ የዚያን ዕለት ማታ በእርስዎ ቤት የሚያኮርፍ ሰው ይኖር እንደነበር ራስዎን ይጠይቁ። ይኖር ከነበረ ግጭቱ አለ ማለት ነው። የቅርብ ጓደኛ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ያበደርዎት ወይም ያበደሩት ሰው ጉዳይ ሲቀርብም ጥያቄው ያው ነው።

ካውንስሉ ያማክራል እንጂ አይሾምም ያሉት እውነት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ባስቀመጠው አደረጃጀት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበላይ አካል ቦርዱ ነው፣ የትምህርት ጉዳይ በሴኔቱ ይመራል፣ ካውንስሉ ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ጎን ሆኖ ይመክራል። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንቱ የሹመቱን ደብዳቤ የሚፈርሙት «ካውንስሉ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» የሚለውን አንብበው ነው። ከቀሩት ሁለት ዕጩዎች አንዱ ነገ ቅሬታ ቢያቀርብም መልስ ሆኖ የሚጠቀሰው ይኸው ሐረግ ነው፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት።

አሁን ማድረግ የሚገባዎት የሚቀጥለው ስብሰባ ሳይደርስ ለሰብሳቢው አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ዝምድናውን፣ በወቅቱ አለማስታወቅዎንና ድምፅ አለመስጠትዎን ይግለጹ፤ ምክንያት አያብዙ። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይፋቅም፣ በላዩም አይደለዝም፤ እርማቱ በቀጣዩ ስብሰባ ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ይመዘገባል። ካውንስሉም እርስዎ በሌሉበት የውሳኔ ሐሳቡን እንደገና እንዲያየው ይጠይቁ። ልጁ እንዳሉት ብቁ ከሆነ ሁለተኛውንም ውይይት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ማንም «በአክስቱ ቤት በኩል ገባ» ሊለው አይችልም።

ለወደፊቱ ግን ነገሩ ከዚህ ይቀላል። አጀንዳው ሲደርስዎ ስሞቹን ያንብቡ፤ ብዙዎቻችን አጀንዳ የምናነበው ሻይ እየጠጣን አዳራሹ ውስጥ መሆኑን ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። የሚነካዎት ጉዳይ ካለ ለጸሐፊው አስቀድመው ይንገሩ፣ ተራው ሲደርስ ይውጡ፤ ጥግ ይዞ ስልክ መነካካት መውጣት አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አባሉ ከአንዱ ዕጩ ጋር የጋብቻ ዝምድና እንዳላቸው አስታውቀው፣ አጀንዳ 4 ከመጀመሩ በፊት ከአዳራሹ ወጥተው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ተመልሰዋል።» ጸሐፊው እርስዎ ሲወጡ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ያረጋግጥ፤ ይህ ከተዘነጋ ቅንነትዎ ራሱ ውሳኔውን ሊያፈርሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ «የመምህራን ተወካይ ሆኜ በካውንስሉ እሳተፋለሁ። ከስብሰባ ወጥቼ ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ባልደረቦቼ ‹ዛሬ ምን ተባለ?› ብለው ይከቡኛል። ካልተናገርኩ ‹ገዙት› እባላለሁ፤ ከተናገርኩ ሰብሳቢው ‹ምስጢር አወጣህ› ይሉኛል። ለማን ነው የምታመነው?» (ከሱሉልታ)

መልስ፦ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር በመስታወት ተሸፍነው የተሰቀሉትን 12 የሥነ ምግባር መርሆዎች ያስታውሱ፤ ከእነሱ መካከል ግልጽነትም አለ፣ ምስጢር መጠበቅም አለ። የእርስዎ ጭንቅ እነዚህ ሁለቱ ሲጋጩ የሚፈጠር ነው። በእንግሊዝ አገር ሎርድ ኖላን የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ኃላፊዎች ያወጣቸው ሰባት መርሆዎች፣ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የአስተዳደር አካላት ዘንድም የታወቁ፣ ግልጽነትን ይዘዋል፤ ምስጢርን ግን ራሱን የቻለ መርሕ አላደረጉትም። መረጃ የሚከለክለው ወገን ምክንያቱን እንዲያሳይ ነው የሚጠይቁት። ሁለቱንም ጎን ለጎን የሰቀልነው እኛ ድንበሩን በየስብሰባው ማስመር ይኖርብናል።

እኔ የማሰምረው እንዲህ ነው። ምን እንደተወሰነና ለምን እንደተወሰነ የመረጡዎት ሰዎች ሊያውቁት ይገባል። ማን ምን እንዳለ፣ የአንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የግል ማኅደር፣ ያልተከፈተ የጨረታ ዋጋ ግን ሰርቪስ ውስጥ አይገባም። «እገሌ ተቃወመ» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ እገሌ አፉን አይከፍትም። የራስዎ አቋም ከውሳኔው ከተለየ የልዩነት ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልዎ፤ ባልደረቦችዎ ሲጠይቁዎት ያንን መናገር ይችላሉ። ከሁሉ የሚሻለው በየስብሰባው መጨረሻ ላይ «ከዛሬው የትኛው ይነገራል?» ብሎ ሰብሳቢውን በጉባኤው ፊት መጠየቅ ነው፤ መልሱ ከተመዘገበ ከአውቶቡሱም ከሰብሳቢውም ቁጣ ይድናሉ።

ተወካይነትዎም የመምህራኑን ጉዳይ ይዘው እንዲገቡ እንጂ እጅዎን በእነሱ ትእዛዝ እንዲያወጡ አያስገድድዎትም። ድምፅ ሲሰጡ ተማሪውንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም ማሰብ አለብዎት።

አንድ ነገር ግን ምስጢር ተብሎ አይሸፈንም፤ እሱም ወንጀል ነው። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው እንዲህ ያለውን ለሚናገር ሰው ነው። በተቋምዎ ያለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል የመጀመሪያው በር ሊሆን ይችላል፤ ያ በር የማይከፈት ከሆነ የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ።

ጥያቄ፦ «በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ለፋሲካ በግ ላከልኝ። ቤት አልነበርኩም፤ ዘበኛው ተቀብሎ አሰረው። ካውንስሉ በሚቀጥለው ወር የግንባታውን አፈጻጸም ሪፖርት ያያል። ልመልሰው ብል ነውር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ባርደው ደግሞ አልዋጥልህ ይለኛል።» (ከሰበታ)

መልስ፦ ይመልሱት። የላኪውን ልብ አላውቅም፣ ምናልባትም ለጎረቤቶቹ ሁሉ ልኮ ይሆናል፤ ሪፖርቱ ሲቀርብ ግን ስለ ስንጥቁ ግድግዳ የመጠየቅ ጉልበትዎ በበጉ ልክ ይቀንሳል። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የሚመለከተው ተሿሚዎችን፣ ተመራጮችንና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞችን ነው፤ በእርስዎ ላይ ባይደርስም እንኳ መንፈሱን ይያዙት።

ነውር እንዳይሆን ከበጉ ጋር ሁለት መስመር ይላኩ፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ሥራዎን የሚመለከት ጉባኤ ላይ የምቀመጥ ስለሆነ ልቀበለው አልችልም።» የደብዳቤውን ቅጂ ለካውንስሉ ጸሐፊ ይስጡ፤ ለሌሎቹ አባላትም ተልኮ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ተቀባዩ ስሙን ጽፎ ይፈርምልዎ፣ ዘበኛውንም ከእንግዲህ ሳይደውል ምንም እንዳይረከብ ያሳስቡት። በጉ እስኪመለስ የበላውን ሣር ግን ከእርስዎ ይሁን።