በወረቀት የቻለ ጥርስ ሜዳ ላይ ለምን ተሰበረ? የፓንተር ታንክ ፋይናል ድራይቭ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው የጀርመን ፓንተር ታንክ ፋይናል ድራይቩ (ሰንሰለቱን ከሚነዳው ጥርሳም ጎማ አጠገብ ያለው፣ ዙሩን የሚቀንሰው የመጨረሻ ማርሽ) ለምን ቶሎ ቶሎ ይሰበር እንደነበር መተንተን ነው። የሞተሩን 700 የፈረስ ጉልበት ወስጄ፣ ታንኩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል አካፍዬ ሳሰላው ጥርሱ ጭነቱን በደንብ ይችላል። አማካሪዬ ግን «ታዲያ ለምን ተሰበረ?» ብለው መለሱልኝ። ብረቱ ደካማ ነበር ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲያ ብለህ አትደምድም። የብረቱ ጉዳይ አለበት፣ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስሌትህ የተነሳበት ቦታ መስተካከል አለበት። አንተ ጭነቱን ያመጣኸው ከሞተሩ ነው። በሰንሰለት የሚሄድ ማሽን ፋይናል ድራይቭ ላይ የሚያርፈውን ትልቁን ጭነት የሚወስነው መሬቱ ነው፤ ማለትም የማሽኑ ክብደትና ሰንሰለቱ መሬቱን የሚይዝበት አቅም። ዶዘርና ኤክስካቫተር እየፈታሁ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ምንም የማይለው ማሽን፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ኦፕሬተሩ አንዱን ሰንሰለት ይዞ ሲያዞረው ጥርሱን ይጥላል።

እስቲ ያንተኑ ቁጥሮች ይዘን እንሂድ። 700 የፈረስ ጉልበት ወደ 515 ኪሎ ዋት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ አቅም የሚሰጠው የመጎተት ኃይል፣ በመንገድ የሚባክነውን ብንተወው እንኳ፣ በድምሩ 6.3 ቶን ገደማ ነው። ለአንዱ ጎን ሦስት ቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጥርሱ ይህን መቻሉ አይገርምም። አሁን አንደኛ ማርሽ አስገባ። ፓንተር ወደፊት ሰባት ማርሽ ነበረው፤ በአንደኛው ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 4.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ያው ሞተር እዚህ ላይ በወረቀት 46 ቶን ይጎትታል። የታንኩ ጠቅላላ ክብደት ደግሞ 44.8 ቶን ነው። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ ኃይል መሬቱ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ነው፤ ጥርሱን የሚያተርፈው ሰንሰለቱ ተንሸራትቶ መልቀቁ ነው። ሰንሰለቱ ከተሸከመው ክብደት 0.8 ያህሉን ይይዛል ብትል፣ የታንኩን ግማሽ የተሸከመው ጎን ከመንሸራተቱ በፊት ወደ 18 ቶን ይጎትታል። ካንተ ስሌት ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ይህም ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው። ሲዞር ነገሩ ይብሳል። የፓንተር መሪ አሠራር ለእያንዳንዱ ማርሽ አንድ የተወሰነ የመዞሪያ ራዲየስ ነበረው፤ በአንደኛ ማርሽ 5 ሜትር፣ በሰባተኛ 80 ሜትር። ከዚያ ጠበብ አድርጎ መዞር የፈለገ ሾፌር የውስጠኛውን ሰንሰለት በፍሬን ይይዛል። ያን ጊዜ ውጪኛው ሰንሰለት ብቻውን ይገፋል። ያ ሁሉ የሰንሰለት ርዝመት መሬቱን ወደ ጎን እየፋቀ ስለሚዞር፣ መቋቋሚያው ከቀጥታ ጉዞ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ታንኩ ዳገት ላይ በአግድም ከቆመ ደግሞ ክብደቱ ወደ ታችኛው ጎን ስለሚያጋድል ታችኛው ሰንሰለት ከግማሽ በላይ ይሸከማል፤ መሬቱንም የዚያኑ ያህል አጥብቆ ይይዛል። ከረግረግ ለመውጣት ወደፊት ወደኋላ ሲባል ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በተዘጋ ቁጥር ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ይህ ምት ነው፤ በተረጋጋ ጭነት ስሌት አይያዝም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሁኔታ ለየብቻ አስላ፦ አንደኛ ማርሽ ቀጥታ፣ አንዱ ሰንሰለት ተይዞ ሲዞር፣ እና በምት የሚመጣ ጭነት። ለምቱ የምትወስደውን ማባዣ (ምቱ ጭነቱን ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው) ከየት እንዳመጣኸው ጻፍ፤ አማካሪህ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ቀጥሎ ወደ ክብደቱ ታሪክ ግባ፤ በሥራህ ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ የሚገባው ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመኖች በ1941 ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ከቲ-34 ታንክ ጋር ተጋፍጠው ከደነገጡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አጣሪ ቡድን ወደ ግንባር ላኩ። ከዚያ ዳይምለር-ቤንዝና ኤም.ኤ.ኤን. የተባሉት ኩባንያዎች 30 ቶን ደረጃ ላይ ያለ ታንክ እንዲነድፉ ታዘዙ፤ በግንቦት 1942 የኤም.ኤ.ኤን. ንድፍ ተመረጠ። ያ ንድፍ ገና ከመነሻው 35 ቶን ገደማ ነበር። ከዚያ ሂትለር የፊቱ ብረት ከ60 ወደ 80 ሚሊሜትር ይወፍር አለ። ረጅሙ 75 ሚሊሜትር መድፍና ሌላውም ሁሉ ተጨማምሮ ታንኩ ወደ 44 ቶን ደረሰ። ሞተሩ ተለውጦ አድጓል፤ ፋይናል ድራይቩ ግን ክብደቱን ተከትሎ አላደገም። ከላይ የሠራነውን ስሌት በ35 ቶን ብትሠራው ለአንዱ ጎን 14 ቶን ይወጣልሃል። በ44.8 ቶን 18 ነው። ይህን ልዩነት ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አሳይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማርሹ ዓይነት እንምጣ። ነዳፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ፕላኔታሪ ነበር፤ ዛሬ በትልልቅ ዶዘሮች ፋይናል ድራይቭ ውስጥ የምታገኘው ዓይነት። በፕላኔታሪ ጭነቱ መሃል ባለው ማርሽ ዙሪያ ለሚዞሩት ትናንሽ ማርሾች ይከፋፈላል፤ ግፊቶቹ በክብ ዙሪያ ስለሚመጡ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ዘንጉም ወደ አንድ ጎን አይገፋም። ችግሩ የውጪው ቀለበት ጥርሱ ወደ ውስጥ የተቀረጸ መሆኑ ነው። ያን የሚቀርጽ ማሽን ጀርመን ውስጥ በሚፈለገው ብዛት አልነበረም፤ ታንኩ ደግሞ በሺዎች እንዲመረት ይፈለጋል። ስለዚህ በሁለት ደረጃ የሚቀንስ ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ተራ ማርሽ ተደረገ። ለማምረት ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ሁለቱ ማርሾች ደግሞ እርስ በርስ እየተገፋፉ ዘንጎቹን ያራርቃሉ።

ይህ መራራቅ ነው ከስሌትህ ውጪ የቀረው። ቀመርህ ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይነካል ብሎ ይነሳል። እውነተኛው ማሽን ላይ በ18 ቶን ግፊት ሃውዚንጉ (የማርሹ ማቀፊያ ሳጥን) ይለጠጣል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ኩሽኔታው ክፍተቱን ይጨርሳል። ያን ጊዜ ጥርሱ በሙሉ ወርዱ መንካቱን ትቶ በአንዱ ጫፍ ብቻ ይነካል። መላው ወርድ ሊሸከመው የታሰበውን አንድ ጥግ ይሸከማል። ጋራዥ ውስጥ ይህን ለማየት ማርሹ ላይ ሰማያዊ የመፈተሻ ቀለም ቀብተህ ጭነት እየሰጠህ በእጅ ታዞረዋለህ። ቀለሙ መሃሉ ላይ ሰፋ ብሎ ከተጠረገ ደህና ነው። ዳር ላይ ብቻ ቀጭን መስመር ሆኖ ከተጠረገ ግን ውድ ማርሽ ገዝተህ ብትቀይረውም ያው ነው፤ መጀመሪያ ኩሽኔታውንና ሃውዚንጉን አስተካክል። በሥራህ ውስጥ የጭነት ስርጭት ማባዣ የሚባለውን አንድ ብለህ ወስደኸው ይሆናል። ሁለትም ከዚያ በላይም አድርገህ ሞክረው፤ ውጤቱ እንዴት እንደሚገለበጥ ታያለህ።

የተሰበረ ጥርስ ጥርት ያለ ፎቶ ካገኘህ ስብራቱን እንዲህ አንብበው። ከጥርሱ ጥግ ላይ በሰያፍ የተቆረሰ ከሆነ፣ ጭነቱ በአንድ ጫፍ ነበር ማለት ነው፤ አሁን ያልኩህ የዘንግ መዛባት። ከሥሩ ተነስቶ ለስላሳ ሆኖ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ማዕበል የሚተወው ዓይነት መስመር ካለበትና መጨረሻው ላይ ብቻ ሻካራ ከሆነ፣ በድካም ቀስ እያለ የተሰነጠቀ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሻካራና አንጸባራቂ ፍሬ ፍሬ ከሆነ ደግሞ በአንድ ምት የሄደ ነው። የብረት ጥራት ወሬ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ጦርነቱ ሲገፋ ጀርመን ብረት የሚያጠነክሩ እንደ ኒኬልና ሞሊብዲነም ያሉ ማዕድናት አጥሯት ነበር። ግን ያ የመጣው ቀድሞውንም የተጨናነቀ ንድፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳትበት ስለሆነ። ፓንተር የቆመው ሁሉ በፋይናል ድራይቭ ነው ብለህ አትጻፍ። በሐምሌ 1943 ሶቭየት ኅብረት ውስጥ በኩርስክ ውጊያ ላይ በ51ኛና በ52ኛ የታንክ ሻለቆች 200 ፓንተሮች ተሰልፈው፣ ሐምሌ 10 ምሽት ላይ ግንባር ላይ ለውጊያ ዝግጁ የነበሩት 10 ብቻ ነበሩ። ጥገና ከሚጠብቁት መቶ ያህል ውስጥ ግን 56ቱ በፈንጂና በጥይት የተመቱ ነበሩ፤ በብልሽት የቆሙት 44 ናቸው። በዚያ ወቅት ከነበሩት ብልሽቶች ደግሞ ትልቁን ስም ያተረፈው የሞተር ክፍሉ እሳት ነው። ታንኩ ውኃ ውስጥ እንዲሻገር ታስቦ የሞተር ክፍሉ ተደፍኖ ስለተሠራ አየር በቂ አልነበረም፤ ከመስመር የሚንጠባጠብ ቤንዚን እዚያው ይቀጣጠላል። ይህ በኋለኞቹ ላይ በብዛት ተሻሽሏል። የሞተሩም ዙር በደቂቃ ከ3,000 ወደ 2,500 ተገደበ። ፋይናል ድራይቩ ግን እስከ መጨረሻው ዋናው ድክመት ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃህ የፈረንሳይ ጦር ነው። ፈረንሳዮች ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩ ፓንተሮችን በጦራቸው ውስጥ ተጠቅመውባቸዋል፤ በ1947 ባወጡት ሪፖርት የፋይናል ድራይቩን አማካይ ዕድሜ 150 ኪሎ ሜትር ብለው መዘገቡ። ሞተሩን ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ሰጥተውታል። በ1944 ኖርማንዲ ውስጥ ተጥለው ከተገኙት ፓንተሮች ግማሹ ላይ የፋይናል ድራይቭ ስብራት ምልክት እንደነበረም ጽፈዋል። ለአማካሪህ ይህን አስረዳቸው፦ በማፈግፈግ ላይ ያለ ጦር አንድ ጥርስ የሰበረ 45 ቶን ታንክ የሚጎትትበት የለውም፤ አቃጥሎት ይሄዳል። የፓንተር የፊት ብረት ከሩቅ በቀላሉ አይበሳም ነበር፤ መድፉም ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ታንክ ሳይመታ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ሾፌሩንም አትርሳ። በ1944 ነዳጅ ስለጠፋ የሾፌሮች ልምምድ በጣም አጠረ። ልምድ ያለው ሾፌር ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩን አያስጨንቅም፣ ከረግረግ ለመውጣት አይንጥም። አዲሱ ልጅ ተቃራኒውን ያደርጋል። በጋራዥ የማየውም ይኸው ነው፤ የአንዱ ኦፕሬተር ማሽን ዓመታት የሚሠራበት ፋይናል ድራይቭ በሌላው እጅ ዓመት አይሞላም። በስሌትህ ውስጥ የምቱን ማባዣ ለሁለት ዓይነት ሾፌር ለየብቻ ብትወስደው ይህንን በቁጥር ታሳያለህ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ፦ ፋይናል ድራይቭና ካምቢዮ አታምታታ። የፓንተር ካምቢዮ ዜድ.ኤፍ. የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ሦስተኛ ማርሹ የራሱ ችግር ነበረበት፤ አንዳንድ ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ ያቀላቅላል። ያንተ ርዕስ ከመሪው አሠራር በኋላ፣ ስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርሳም ጎማ) አጠገብ ያለው በሁለት ደረጃ የሚቀንሰው ማርሽ ነው፤ ቅናሹ በድምሩ 8.4 ለ 1 ነው። ጥርሱ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ከስፕሮኬቱ ወደ ኋላ እየተመለስክ አስላ፤ ከሞተሩ ወደፊት አትምጣ። ሦስቱን ሁኔታዎች ሠርተህ የጭነት ስርጭቱን ማባዣ ከቀየርክ በኋላ ውጤቱን ላክልኝ፤ አየዋለሁ።